አራሷ ልጇን ትይ ወይስ አትይ

ዕለቱ ሐሙስ ነበር። ጊዜውም ከምሳ በኋላ፣ ጠያቂው ሁሉ ወጥቶ ኮሪደሩ ጭር የሚልበት ሰዓት ነው። በጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕሙማን ክፍል በር ላይ የነበሩት ሰዎች ሦስት ናቸው፦ ከሩቅ ከተማ በአውቶቡስ የመጡ አንዲት አሮጊት፣ አማቻቸው የሆነ አንድ በያጅ፣ እና ተራዋን ጨርሳ ወደ ቤቷ ልትሄድ የነበረች አንዲት ወጣት ነርስ።

አሮጊቷን በዚያ ኮሪደር የሚያውቃቸው ሁሉ «እማማ አይዞሽ» ይላቸው ነበር። በአግዳሚው ወንበር ላይ የምታለቅስ እናት ካዩ ተነሥተው አጠገቧ ይቀመጡና «አይዞሽ፣ ነገ ታቅፈሽው ትወጫለሽ» ይሏታል። ልጁ ይዳን አይዳን አያውቁም። አይዞሽ ለማለት ማወቅ ያስፈልጋል ብለውም አስበው አያውቁም። በያጁ ደግሞ የእሳት ፍንጣሪ የበሳሳውን የሥራ ልብሱን እንደለበሰ ግድግዳውን ተደግፎ እንቅልፍ ወስዶታል፤ ወይም የወሰደው ይመስላል።

የእማማ አይዞሽ ልጅ፣ የበያጁ ሚስት፣ የወለደችው ያለ ወሯ ነው። ስትወልድ ብዙ ደም ፈሰሳትና ሆዷ ተቀደደ። ሕፃኗ በአምቡላንስ ወደዚህ ትልቅ ሆስፒታል ስትላክ እናቲቱ ገና ከማደንዘዣው አልነቃችም። ከነቃች በኋላም ሐኪሟ «ቁስሉ ሳይጠግግ በዚያ ኮረኮንች መንገድ ብትሄጂ ለራስሽም አትተርፊም» ብሎ ከለከላት። እንዲህ ሆኖ አራሷ ቤቷ ተኝታ፣ ጡቷን በጠርሙስ እያለበች፣ ልጇን አንድ ቀን እንኳ ሳታይ ቀረች። ወተቱን በበረዶ ሣጥን ይዘው የሚመላለሱት እናቷ ናቸው። መንገዱ ወገባቸውን ቆርጦታል፤ እግራቸው አብጦ ጫማቸው ከተረከዛቸው አልፎ አይገባም።

ነርሷ ሁልጊዜ የምትወጣው በጓሮው በር ነበር። በዚያ ቀን የጓሮው በር ቁልፍ ጠፍቶ ስለነበር በፊት ለፊት ወጣች። ባይጠፋ ኖሮ ሁለቱ ሴቶች ባልተነጋገሩ ነበር።

«እንደምን ዋሉ እማማ? ያመጡትን ወተት ተቀበልን። ዛሬ አነሰች፤ የጠርሙሱን ቂጥ እንኳ በወጉ አልሸፈነችም» አለች ነርሷ።

«አንሳለች ልጄ። ጡት እኮ ቧንቧ አይደለም፣ ባዞሩት ቁጥር አይወርድም።»

«ቧንቧውስ ቢሆን ዘንድሮ መቼ ይወርዳል ብለው ነው?»

እማማ አይዞሽ ሳቅ አሉ። «ቆመሽ አታውሪኝ፣ አንገቴን አመመኝ። ቁጭ በይ።»

ነርሷ ተቀመጠች። ከተቀመጠች መነሣቱ እንደሚከብዳት ታውቅ ነበር፤ ከንጋት ጀምሮ ቆማ የዋለች ናት። ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አደረገችና፣ «እማማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፣ አይቆጡኝም?» አለች።

«መቆጣቴን የት አየሽው?»

«ጠዋት ጠዋት ሐኪሞቹ ሕፃናቱ በተኙባቸው የመስታወት ማሞቂያዎች አጠገብ እየቆሙ ስለ እያንዳንዱ ሕፃን ይነጋገራሉ። በቅርቡ አዲስ አሠራር ጀምረናል። መምጣት ያልቻለች እናት በዚያ ሰዓት በስልክ በምስል ትገባለች። ልጇን ታያለች፣ የሚባለውን ትሰማለች፣ ያልገባትን ትጠይቃለች። ለልጅዎም ይህ እንዲሆን ለባሏ ነገርኩት። እሱ ግን 'እማማን ጠይቂ' አለኝ።»

«ደግ አደረገ። የከለከልኩት እኔ ነኝ። ፎቶግራፍ እንኳ እንዳይልክላት አስምዬዋለሁ።»

«ለምን እማማ?»

«አራስ ናታ! ለአራስ የሚያስደነግጥ ነገር አይነገራትም። እናንተ የተማራችሁት እንዴት ነው ይሄ የጠፋባችሁ?»

«ታዲያ ስትጠይቅዎት ምን ይሏታል?»

«ደህና ናት እላታለኋ።»

«ይህን ብቻ?»

እማማ አይዞሽ የነጠላቸውን ጫፍ ያፍተለትሉ ጀመር። «እንግዲህ... ጉንጯ ሞልቷል ብያታለሁ። ጡጦዋን ግጥም አድርጋ ትጠባለች ብያታለሁ። አባቷን ትመስላለች ብያታለሁ።»

«ትናንት ደግሞ ፈገግ አለች ብለዋታል» አለ በያጁ ዓይኑን ሳይገልጥ።

«አንተ ተኛ!»

በያጁ ተኛ፤ ነርሷም ሳቋን ዋጠች። ነገሩ ግን የሚያስቅ አልነበረም። እማማ አይዞሽ ክፉ ሴት አይደሉም፤ ለልጃቸው ሲሉ ሌሊት ተነሥተው ከአውቶቡስ መስኮት ጋር እየተላጉ የሚመጡ ሰው ናቸው። ነገር ግን መልካም ወሬ ሲያቀብሉ የኖሩ ሰዎች ትንሿ ውሸት ስለማትበቃቸው በየቀኑ ይጨምሩባታል። ያቺ መዳፍ የምታክል ሕፃን በአያቷ አፍ ወፍራ፣ ጠብታና ስቃ፣ መዳህ ብቻ ነበር የቀራት።

«ስሚኝ ልጄ» አሉ እማማ አይዞሽ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እኔ ስንቱን ያየሁ ሴት ነኝ። መጀመሪያ ቀን ይህችን ልጅ አየኋት። ቆዳዋ ብርሃን ያሳልፋል። አፍንጫዋ ውስጥ ቱቦ፣ ደረቷ ላይ ሽቦ። ግድግዳ ይዤ ነው የወጣሁት። ሆዷ ተሰፍቶ የተኛችው ትቻለዋለች?»

«ያን ዕለት ከመግባትዎ በፊት የሚያዩትን የነገረዎት ሰው ነበር?»

«ማን ይነግረኛል? ግቢ አሉኝ፣ ገባሁ።»

«ጥፋቱ የእኛ ነው። እኔም ብሆን በዚያ አገባብ ብገባ እደነግጣለሁ። አሁን ግን ሰው ከማየቱ በፊት እናስረዳዋለን፤ ቱቦው ለምን እንደገባ፣ ሽቦው ምን እንደሚሠራ። ሲያስረዱት ያስፈራል፣ ግን የሚያስፈራው ነገር ስም ይኖረዋል። ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል ሲባል አልሰሙም?»

«እሱ ለጎረቤት የተባለ ነው፤ ለልጅ አልተባለም» አሉ እማማ አይዞሽ። «ደግሞስ ያ ሁሉ ነጭ ለባሽ ተሰብስቦ ልጄን በመኝታ ልብሷ ሊያያት ነው?»

«የራሷን ምስል ማጥፋት ትችላለች። እኛ ድምፅዋ ይበቃናል። የሌላ ሰው ልጅም እንዳይታይ ስልኩን በልጇ ማሞቂያ ላይ ብቻ ነው የምንይዘው።»

«ኔትወርኩስ?»

«እሱማ ይቆራረጣል። አልዋሽዎትም። ተቆርጦ አንዲት እናት 'ምን ሆነች' ብላ የጮኸችበት ቀን አለ። ደግመን ደወልን።»

እማማ አይዞሽ ወደ ተዘጋው በር ተመለከቱ። ሲፈሩት የነበረው ነገር ገና አልተነሣም ነበር። እየደጋገሙ ወደ አፋቸው ያመጡትና መልሰው ይውጡታል። በመጨረሻ አወጡት።

«ብትሞትስ? እያየቻት፣ እዚያች መስታወት ውስጥ ብትሞትስ?»

ነርሷ ወደ እሳቸው ዞረች። በያጁም ዓይኑን ገለጠ።

«ሊሆን ይችላል» አለች ነርሷ። «አይሆንም ብዬ አላጽናናዎትም። ሕፃን ድንገት ሲብስበት ስልኩን ከእሱ ላይ እናዞረዋለን፤ ነገር ግን ዘግተንባት አንሄድም፣ አንዳችን ከእናቲቱ ጋር እያወራን እንቀራለን። እኔ የማውቀው ልንገርዎት እማማ? ልጃቸውን ሳያዩ የቀሩ እናቶች አሉ። 'ለእሷ ደግ ነው' ተብሎ ሳያሳዩአቸው ተቀብሮባቸው። ከወራት በኋላ ብቻቸውን ይመጡና 'የትኛው ውስጥ ነበር የተኛው?' ይሉኛል። ምን አሳያለሁ? ሌላ ልጅ ተኝቶበታል። በእጄ እጠቁማለሁ፣ ቆመው አይተው ይሄዳሉ።»

ሰው መልስ ሲያጣ ወዲያው አይረታም፤ ይደክመዋል እንጂ። እማማ አይዞሽም «ሂጂ ልጄ፣ ደክሞሻል። ቤትሽ ግቢ» አሉ። ነርሷም ልትነሣ ቦርሳዋን አነሣች።

የበያጁ ስልክ የጮኸው ያን ጊዜ ነው።

«አምጣ፣ እሷ ናት» ብለው እማማ አይዞሽ ተቀበሉት። ጆሯቸው ስለደከመ የሚያወሩት ድምፁን አስጩኸው ነበርና ሦስቱም ሰሙ።

«እማዬ፣ ደረስሽ?»

«ደርሻለሁ የኔ ልጅ። አይዞሽ፣ አየኋት። ጡጦዋን ጨርሳ ጥግብ ብላ ተኝታለች።»



«እማዬ።»

«ወዬ።»

«የት ቀበራችኋት?»

እማማ አይዞሽ ስልኩን ከጆሯቸው አርቀው አዩት፣ መልሰው አስጠጉት። «ምን አልሽ አንቺ? ምን ዓይነት አፍ ነው ይሄ?»

«አትቆጪኝ። አልጮህም፣ ራሴንም አልጎዳም። ብቻ ንገሪኝ። አባዬ የሞተ ጊዜ እኔ ሩቅ አገር ትምህርት ቤት ሆኜ ስደውል 'አባትሽ ሾርባ ጠጥቶ ተኛ' አልሽኝ። ለካ ከተቀበረ ሰንብቶ ነበር። አሁንም የምሰማው ያንኑ ድምፅሽን ነው። ያለ ወሯ የተወለደች ልጅ ጡጦ ጨርሳ ተኛች? ፈገግ አለች? እማዬ፣ አንቺ ስትዋሺ ታሳምሪዋለሽ። ለሌለች ልጅ ነው የማልበው ብዬ ከትናንት ጀምሮ ትቼዋለሁ። ዛሬ ይዘሽው የሄድሽው ፍሪጅ ውስጥ የቀረውን ነው።»

እማማ አይዞሽ አፋቸውን ከፈቱ። ስንት እናት ያጽናኑበት ያ አንድ ቃል ምላሳቸው ጫፍ ላይ ነበር፤ ነገር ግን ሊሉት አልቻሉም። ልጃቸው እንደማታምናቸው ብቻ ሳይሆን ለምን እንደማታምናቸውም ገባቸው። ክፉ ወሬ የደበቁባት ሰው መልካሙንም ሲነግሯት መቀበል አቅቷታል። ስልኩን ለነርሷ ሰጡ።

«እኔ ብነግራት አትሰማኝም። አንቺ ንገሪያት።»

ነርሷ ቦርሳዋን ወንበሩ ላይ መልሳ አስቀመጠች።

«እኔ የልጅሽ ነርስ ነኝ። ልጅሽ በሕይወት አለች። ከዚህ በር ወዲያ ናት።»

«አንቺም እንድታጽናኚኝ ነግረውሽ ነው።»

«አላጽናናሽም። ከፈለግሽ አሁኑኑ አሳይሻለሁ። ማየት ካልፈለግሽም መብትሽ ነው፣ ማንም አይፈርድብሽም። ከማሳየቴ በፊት ግን የምታዪውን ልንገርሽ። በጣም ትንሽ ናት። ቆዳዋ ቀይና ስስ ነው። መተንፈስ የሚያግዛት መሣሪያ አፍንጫዋ ላይ አለ። አንዳንዴ መተንፈስ ትረሳለች፤ እግሯን ነካ ስናደርጋት ትጀምራለች። ጡጦ አትይዝም። ጉንጭም የላትም። ፈገግም አላለችም።»

ከወዲያ በኩል ረጅም ትንፋሽ ተሰማ። «አባቷንስ ትመስላለች?»

«እሱን አንቺ ፍረጂ።»

«አሳዪኝ።»

ነርሷ ተመልሳ ገባች። እጇን ታጠበች፤ ስልኩን ጠርጋ በንጹሕ ላስቲክ ጠቀለለችው። እማማ አይዞሽና በያጁም ታጥበው፣ ጋዋን ለብሰው ተከተሏት። ክፍሉ ይሞቃል፤ መሣሪያዎቹ በየራሳቸው ድምፅ ጢጥ ጢጥ ይላሉ። ነርሷ ስልኩን በማሞቂያው መስታወት ላይ አስጠጋችው።

ምንም ድምፅ አልመጣም።

«ተቆረጠ እንዴ?» አለ በያጁ።

«አልተቆረጠም» አለች ሚስቱ። «እያየሁ ነው።»

ቆየችና፣ «ሆዷ ለምን እንዲህ ይመታል?» አለች።

«የምትተነፍሰው በሆዷ ነው። በዚህ ዕድሜ ሁሉም እንዲሁ ናቸው።»

«አፏ ጋ ያለችው ቀጭን ቱቦስ?»

«ምግቧ ናት። ያንቺ ወተት የሚገባው በዚያች ነው። ዛሬ የመጣው ግን ለማታ አይደርስም።»

ነርሷ ይህን ስትናገር እማማ አይዞሽ ሽምቅቅ አሉ፤ ለአራስ እንዲህ ይባላል? አራሷ ግን አላለቀሰችም። ፊቷን ወደ ሌላ አዙራ፣ አብራት የተቀመጠችውን ጎረቤቷን «ተነሺ እስቲ፣ ጠርሙሱን ቀቅለሽ አምጪልኝ» ስትል ተሰማ። ከዚያ ወደ ስልኩ ተመለሰች።

«ትሰማኛለች?»

«ተናገሪ፤ ድምፅሽን ከማሕፀን ታውቀዋለች።»

«እኔ ነኝ» አለች እናቲቱ። «እኔ ነኝ፣ እናትሽ ነኝ።»

ሕፃኗ ምንም አላደረገችም፤ ተኝታ ነበር። ዓይኗን አልገለጠችም፣ እጇንም አላነሣችም። መሣሪያው እንደ በፊቱ ጢጥ ይላል። ቢሆንም እናቲቱ ብዙ ቆየች፤ ነርሷም ክንዷ እስኪዝል ስልኩን ያዘችላት።

«እማዬ፣ እዚያ ነሽ?»

«አለሁ ልጄ።»

«ጉንጭ የላትም።»

«የላትም።»

«እግሯ ግን ረጅም ነው።»

እማማ አይዞሽ ቀረብ ብለው አዩ። እውነትም ረጅም ነው። ያን ሁሉ ቀን ሲያዩዋት፣ ያን ሁሉ ወሬ ከራሳቸው ሲፈጥሩ፣ ይህን አንድ እውነተኛ መልካም ነገር ልብ አላሉትም ነበር። «ረጅም ነው» አሉ። «አልነገርኩሽም።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ሦስቱም ወጥተው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ማንም ማንንም አልረታም ነበር፤ ሁሉም ደክሟቸዋል። በያጁ እንደ ልጅ በእጁ ጀርባ ዓይኑን ጠረገና «መሐላዬ ፈረሰ ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀ።

«ያስማልኩህ እኔ ነኝ፣ ፈትቼሃለሁ» አሉት። ከዚያም ወደ ነርሷ ዞሩ። «ሸክሙን ብቻዬን ልያዝላት ብዬ ነበር እኮ።»

«አውቃለሁ እማማ። ከሸክሙ ጋር ግን ልጇንም ያዙባት።»

«አሁን ምን ላድርግ?»

«ሲመጡ ያዩትን ብቻ ይንገሯት። ብሶ ከሆነ ብሷል፣ ተሽሎ ከሆነ ተሽሏል። ያላወቁትን አላውቅም ይበሉ። ጠዋት ደግሞ ከሐኪሞቹ ጋር እናገናኛታለን።»

«አላውቅም ማለት ይከብዳል» አሉ እማማ አይዞሽ።

«ለእኛም ይከብደናል» አለች ነርሷ፤ ቦርሳዋን አንሥታም ሄደች።

በማግሥቱ ጠዋት አራሷ ምስሏን አጥፍታ በስልክ ገባች። ዋናው ሐኪም እንደ ልማዱ በባዕድ ቃል እየቀላቀለ ሲያስረዳ፣ «ዶክተር፣ ይቅርታ፣ እሱን ለእኔም በሚገባኝ ይበሉልኝ» የሚል ድምፅ ከስልኩ ወጣ። ሐኪሙ ደንግጦ ከመጀመሪያው ጀመረ። አብረውት የቆሙት የሕክምና ተማሪዎችም ነገሩ የገባቸው ያን ጊዜ ነው ይባላል። ሐኪሞቹ ከእርግዝናዋ ጋር የተያያዘ ነገር ሲጠይቋት በወረቀት ላይ ያልነበረውን ሕመሟን ነገረቻቸው፤ ለሕክምናውም ጠቀመ። ወተቱም ከቀን ወደ ቀን ጨመረ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ስልክ እናትን አይተካም፤ በመስታወት የታየ ልጅም እንደታቀፉት አይሆንም። ነገር ግን ሕመም፣ መንገድ፣ ሥራ ወይም ሌላ ልጅ ያሰራት እናት ብዙ ናት። ልጇን በዓይኗ ካየች በክፉ ሕልም አታስበውም። የሚደረግለትን ካወቀች ለማን እንደምትደክም ታውቃለች፤ ቤት ሲገባም እንዴት እንደምትይዘው አስቀድማ ትማራለች። ሐኪሙም ከእሷ የሚሰማው አለው። እውነት ታስደነግጣለች፤ የሚደነግጥ ሰው ግን ቢያንስ ከማን ጋር እንደሚደነግጥ ያውቃል። ብቻዋን ተኝታ የወሬ ቃና እያዳመጠች ልጇን በልቧ የምትቀብር አራስ ግን የሚይዛት የለም።

ከጥቂት ቀን በኋላ ሕፃኗ ባሰባት፤ ትልቁ የመተንፈሻ መሣሪያም ተገጠመላት። እናቷ የሰማችው በዚያው ጠዋት፣ ከሐኪሙ ከራሱ አፍ ነው። አለቀሰች፣ ከዚያም በስንት ሰዓት ደግማ መደወል እንደምትችል ጠየቀች። በዚያ ቀን እማማ አይዞሽ ወደ ሆስፒታል አልሄዱም፤ ቤት ሆነው ስልኩን ይዘውላት ነበር።

ሕፃኗ ድና ከክፍሉ የወጣችው ክረምቱ ሊያልቅ ሲል ነው። መጥታ የወሰደቻት እናቷ ናት።